የእንግዴ ልጅ ፍለጋ ወደ ጨፋ

ረቡዕ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሳ ጭኔ ላይ የበረዶ ሳጥን ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ተሳፋሪ ምን እንደያዝኩ ቢጠይቀኝ «መድኃኒት ነው» ብዬ ተገላገልኩት። እውነቱን ለእናንተ ልናገር፦ ሳጥኑ ባዶ ነበር። የተነሳሁት አዲስ ከወለደች ላም የእንግዴ ልጅ ቆርጬ ይዤበት ለመመለስ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ነገር ነው። ፅንስ ገና ጥቂት ህዋስ ሳለ፣ በየህዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ህዋሶቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ቆይቶ ደግሞ ሌሎች ተቀባዮች ፅንሱን ከማህፀን ግድግዳ ጋር ያጣብቁታል። እነሱ ባይኖሩ እኔም፣ አጠገቤ የሚያንኮራፋው ሰውዬም ባልኖርን ነበር። ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ላም ላይ መያያዣው ቦታ በእንግዴ ልጁ ላይ መዳፍ በሚያካክሉ እብጠቶች በዓይን ይታያል። ሥጋው እንደወረደ በረዶ ውስጥ ካልገባ ግን ፕሮቲኑ ይበላሻል።

ከጣርማበር ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ምሳ በላን፤ ሰንበቴን አልፈን አሥር ሰዓት ላይ ከሚሴ ገባን። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት በጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርጎ ሊያሳድርልኝ ተስማማ፤ ለአንዱ ጠርሙስ የለስላሳ ዋጋ አስከፈለኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

የእንስሳት ጤና ባለሙያው እንድሪስ በሞተር ብስክሌት ወደ ጨፋ ወሰደኝ። ማሽላው ግራና ቀኝ ከራሳችን በላይ ነበር።

«ጎህ ሲቀድ የወለደች አለች፤ እድለኛ ነሽ» አለኝ።

የላሟ ባለቤት ወይዘሮ ዘሃራ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው።

«አካም ቡልተን?» ብሎ እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቃቸው እንድሪስ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግቡ፣ ግቡ!»

ጥጃዋ ቆማ ትጠባለች። የእንግዴ ልጁ ግን ግማሹ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ ዘሃራ ውሻ እንዳይነካው የሚቀብሩበት ጉድጓድ አስቆፍረዋል፤ ከመቅበራቸው በፊት ቁራሽ እንድወስድ ፈቀዱልኝ።

አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፤ አልወረደም። እንድሪስ ለሌላ ከብት ተጠርቶ ሄደ። በረዶዬ ይቀልጣል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ወይዘሮ ዘሃራ ቂጣ ሊያመጡልኝ ወደ ቤት ሲገቡ ጓንቴን አጥልቄ ጫፉን ያዝኩና ሳብ አደረግኩት። ላሟ ጀርባዋን አጉብጣ አቃሰተች።

«ኦብሲ! ተይ ልጄ፣ ታገሺ!»

ቂጣውን ጥለው እጄን አፈፍ አደረጉት።

«የዚች እናት እንዲሁ ስበውባት ነው ደሟ ፈስሶ የሞተችብኝ። ወላሂ፣ ከዚች ሌላ ላም የለኝም!»

ፊቴ ጋለ። ስለ መያያዝ ስንት መጽሐፍ ያገላበጥኩ ሰው፣ ያልተላቀቀ ነገር ሲሳብ ሥጋ ይዞ እንደሚቀደድ ዘንግቼው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አቧራውን አራግፈው ቂጣውን ለሁለት ገመሱት፤ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ስለ ተቀባዮቹ ስነግራቸው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አዳመጡኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ላሟ ራሷ አማጠችና ሙሉው ዱብ አለ። ደም የለ፣ ምን የለ። ወይዘሮ ዘሃራ አላህን እያመሰገኑ አንዴ ላሟን፣ አንዴ እኔን ዳበሱ። ሳጥኔ ውስጥ የነበረው በረዶ ለብ ያለ ውሃ ሆኖ ነበር። ቁራሽ መውሰዱን ተውኩት።

«አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካልሻል» አሉኝ የእንግዴ ልጁን ቀብረው አፈር እየመለሱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ እነዚያ ያልሽኝ ተቀባዮች፣ ዘጠኝ ወር ጨብጠው የያዙትን፣ ቀኑ ሲደርስ ማነው ልቀቁ የሚላቸው?»

«በቅጡ አላውቅም» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

አርብ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። የጥናት ዕቅዴን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ስለ መልቀቅ አንድ መስመር አልነበረበትም። ሰኞ አማካሪዬ ባዶ እጄን በመመለሴ ተቆጣ፤ ጥያቄውን ሲሰማ ግን ብዕሩን አስቀመጠና «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ጨፋ ያሉ ወይዘሮ እንደጠየቁኝ ነገርኩት። ሦስት ሰዓት መጠበቅ አቅቶኝ የእኚህኑ ሴት ላም ልገድልባቸው እንደነበር ግን ለመንገር አፈርኩ።