አንድ ድስት፣ ሁለት ጾም

በስደት አገር፣ ካላክላ በሚባል ሰፈር ከበለጡ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ስድስት ዓመት ስንኖር፣ ሳትቆጣ ያሳለፈችውን ሳምንት አላስታውስም። የሚኒባስ ሾፌር እንኳ እሷ ስትገባ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ላማት ብዬ አይደለም፤ እንደ እሷ የማደንቀው ሰው የለኝም።

ዐማራት በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ ሐጃ ኒዕማ ቤት፣ ዘሃራ ከምትባል የወሎ ልጅ ጋር ምግብ ታበስል ነበር። እኛ ስንጾም የሥጋውን ድስት ዘሃራ ትቀምስላታለች፤ በረመዳን ደግሞ በለጡ ለዘሃራ ትቀምሳለች። በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ተጣሉ። በበለጡ የዓርብ ዕረፍት ተራ ዘሃራ ለጁምዓ ወጣችበት። እሑድ ሥራ በሚዋልበት አገር፣ በለጡ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ዓርብ ብቻ ነበር። ተናደደችና የማይባል ነገር ተናገረቻት። ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ።

ሁዳዴ ገባ፤ በዚያ ዓመት ረመዳንም አብሮ ገባ። የንስሐ አባቷ ቄስ ተስፋጽዮን፣ “ከልጅቱ ሳትታረቂ ጾምሽ ከረሃብ አያልፍም” አሏት።

“አባ፣ ስግደት ይጨምሩብኝ። እሷን ግን ይተዉልኝ።”

አልተዉላትም። ስግደቱን በራሷ ጨመረች፤ ጉልበቷ አበጠ። አንድ ጠዋት፣ “እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል” ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። “ታዲያ ይቅርታ ጠይቂያት” ብላት እኔንም ተቆጣችኝ።

ሐጃ ዘመዶቻቸውን ለፉጡር፣ ለማፍጠሪያው ማዕድ፣ የጠሩ ቀን፣ ሁለቱ ጾመኞች አንድ ድስት የሥጋ ሾርባ ላይ ቆሙ። ቀማሽ የለም። በለጡ ጨው ጨመረች። ሽንኩርት ልታመጣ ስትወጣ ዘሃራም ጨመረች። አንዷ “ጨምሬያለሁ” ብትል ምን ነበረበት? ኩርፊያ ነዋ።

ፀሐይ ገብታ ለማፍጠር የተቀመጡት እንግዶች አንዴ ቀምሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሐጃ ወጥ ቤት ገቡ።

“ጨው የጨመረችው ማን ናት? ወላሂ፣ ነገ እዚህ ቤት አትውልም።”

የዘሃራ ኢቃማ ካለፈበት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ቤት ብትወጣና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ብትያዝ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። በለጡ ይህን ታውቃለች።

“እኔ ነኝ፣ ሐጃ” አለች።

“እኔም ጨምሬያለሁ” አለች ዘሃራ ከኋላዋ።

ሐጃ ተራ በተራ አዩዋቸው። በረመዳን እኩሌታ ሁለት ወጥ ሠሪ ከየት ያገኛሉ? “ያላ፣ ውሃ ጨምሩበት” ብለው ወጡ።

ዘሃራ ገና አላፈጠረችም ነበር። በለጡ ቴምር አንስታ አጎረሰቻት።

“ያን ቀን ለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ።”

“ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ በለጡ። ጁምዓው ያንቺ ነው።”

ዓርብ ከበለጡ ጋር አብረን አስቀደስን። እኔ እግሬን እያፈራረቅሁ ሳማርር፣ እሷ በዚያ ባበጠ ጉልበቷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፊቷ በርቶ፣ እንባዋን እንኳ አትጠርግም። እንዲህ ረጋ ብላ አይቻት አላውቅም፤ ቀናሁባት። ስንወጣ፣ “ጾሙ እኮ ሊጋመስ ነው” አልኳት።

“ለእኔ ዛሬ ገባ” አለችኝ።