የማጽናኛ ፍየል

ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ቡራቡሬ ፍየል ታስራለች። ጠዋት ጠዋት ለሻይ የሚሆን ወተት ከእሷ አልባለሁ፤ ዓይኗን ማየት ግን አልወድም። እንዴት እኔ ዘንድ እንደመጣች ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴም ሰለቸው መሰለኝ።

ማንያታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ወጥ የምትሠራልኝ ሴት ቦሪ ከምትባል የገጠር መንደር የመጣች የከብት አርቢ ልጅ ናት። ድርቅ የቤተሰቧን ከብት ሲጨርሰው ወደ ከተማ ገብታ እኔ ጋ ተቀጠረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠራቀመችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተከራየቻትን የጭቃ ቤት ለመግዛት። አከራይዋ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ እስኪሞላልሽ ለሌላ አልሸጥም ብለዋት ነበር።

እኔ አክሲዮን የጀመርኩት አንድ ደንበኛዬ የነበረ መምህር አስተምሮኝ ነው። ኪታምቡሊሾዬን ይዤ፣ መታወቂያዬን ማለቴ ነው፣ በወኪል በኩል ሒሳብ ከፈትኩና የአንድ ባንክ አክሲዮን በጥቂቱ ገዛሁ። ዋጋው ከፍ ሲል ወሬው ከአፌ አልጠፋ አለ። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማኛለች። አንድ ቀን ለእኔም አሳዪኝ አለች።

አሳየኋት። ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈት፣ ለወኪሉ ምን እንደሚባል፣ ዋጋው ስልክ ላይ የት እንደሚታይ፣ ሁሉንም በተራ። መምህሩ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አጥብቆ የነገረኝ ነገር ነበር። ለዓመታት የማትነኪውን ገንዘብ ብቻ አስገቢ፣ በቅርብ የምትፈልጊውን እንዳትነኪው፣ ያለሽንም ሁሉ አንድ ድርጅት ላይ አትከምሪ ብሎኛል። ይህን አልነገርኳትም። ረስቼው አይደለም። ብነግራት ትተወዋለች፤ ከተወችው ደግሞ አዋቂ የሚለኝ ሰው ላጣ ነው። በዚህ ዕድሜዬ መወደስ አማረኝ፣ እኔን አፈር ይብላኝ።

«በፈለግሁ ጊዜ አወጣዋለሁ?» አለችኝ።

«በፈለግሽ ጊዜ» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። በስንት እንደምታወጣው ነው የዘለልኩት። የቤቷን ገንዘብ በሙሉ አስገባች።

ጥቂት ወራት ደህና ሄደ። ከዚያ ዋጋው መንሸራተት ጀመረ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። እሷ ስልኳን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ አይዞሽ፣ ይመለሳል፣ ከሳሪ ማለት ፈርቶ የሚሸጥ ነው እላታለሁ። አንድ ማክሰኞ ግን እኔው ራሴ ፈራሁና የእኔን ሸጥኩት። ቀድሜ በርካሽ ስለገዛሁ አተረፍኩ እንጂ አልከሰርኩም። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ስሰብክ ከርሜ መሸሼን መናገር አፈርኩ። በማግስቱም ይመለሳል አልኳት።

አከራይዋን ድንገት ችግር ገጠማቸው። ሌላ ገዢ መጥቷል፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካላመጣሽ ቃሌን ማንሳቴ ነው አሏት። ሸጠች። ገንዘቡ ሲገባላት ከሦስት እጅ አንዱ ጎድሎ ነበር። ዘመዶቿን ለመለመን ሶሎሎ ድረስ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። አክሲዮኔን ሸጬ በስልኬ ሒሳብ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ጎዶሎዋን ሞልቶ ይተርፍ ነበር። አበድሬያት ከየት አመጣሽው ብትለኝስ? እሱን ፈርቼ ዝም አልኩ። ቤቱ ለሌላ ተሸጠ። ዛሬ ለአዲሱ ባለቤት ኪራይ ትከፍላለች፤ ያውም ጨምሮባታል።

ከወር በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ቦሪ ሄደች። ስትመለስ ይህችን ቡራቡሬ ፍየል በገመድ እየጎተተች መጣች። ለእርድ የገዛቻት መስሎኝ ነበር። ገመዱን አንስታ እጄ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ የእኔ ትንሽ ነው የሄደው» አለች። «አንቺ ከእኔ በፊት ጀምረሻል፣ ያንቺ ይበልጣል። እኛ ከብት ያለቀበትን ሰው ባዶ እጁን አንተወውም። ከድርቁ ከተረፉት ጥቂት ፍየሎች ወንድሜን ለምኜ ነው ያመጣኋት።»

እውነቷን ነው፤ በእነሱ በከብት አርቢዎቹ ዘንድ መንጋው ያለቀበትን ሰው ወገኑ ከየቤቱ እያዋጣ መልሶ ያቆመዋል። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ለእሷ ላላዋጣሁት ለእኔ ተዋጣልኝ። አልከሰርኩም የምትል አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው። ገመዱን ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኳት፤ እንባዬም መጣ። እሷ ደግሞ የኪሳራዬ እንባ መስሏት ትከሻዬን እየዳበሰች አባበለችኝ።

ባለፈው ሰሞን ፍየሏ ወለደች። ሠራተኛዬም እንደገና ጥቂት አጠራቅማ ኖሮ፣ አክሲዮኑን እንጀምር እንዴ አለችኝ። አሁንስ አልዘለልኩም። አስቀምጫት መምህሩ ያለኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የቤትሽን ገንዘብ አትንኪ፣ ከእሱ የተረፈሽ ካለ ብቻ፣ እሱንም ከፋፍለሽ አልኳት። አገጯን ይዛ በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ግልገሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ጊዜ አንቺም ይህን አታውቂውም ነበር፣ አይደል?»

«አላውቀውም ነበር» አልኳት።