ባዶ ያልኩት የባሮ ዳርቻ

ሰኞ ከጅማ ስነሳ የያዝኩት ላፕቶፕ፣ ጂፒኤስና ከልክ ያለፈ በራስ መተማመን ነበር። የጋምቤላ መሬት ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቻለሁ። ያለፉትን ዓመታት የሳተላይት ምስሎች ያይና የቱ ደን፣ የቱ እርሻ እንደሚሆን ያሳያል። ውጤቱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ለሰፋፊ እርሻ የሚሰጥ መሬት ይመርጥበታል። የቀረኝ ካርታው እውነት መናገሩን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ነበር።

መቱ አድሬ፣ ጎሬን በሹራብ አለፍኩ። ከቡሬ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የነበሩት ጋምቤላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሹራቤን አይተው፣ ለመልስ ጉዞ እንዳስቀምጠው በፈገግታ መከሩኝ። ማታ ባሮ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት

የግብርና ባለሙያው ኡመድ በሞተር ሳይክሉ በኢታንግ መንገድ ወሰደኝ። ካርታዬ «ባዶ መሬት» የሚለው የወንዝ ዳርቻ ላይ ስንደርስ በቆሎው ከቁመቴ ይበልጣል። ጂፒኤሱን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

የማሳው ባለቤት እማማ አሪየት የሚባሉ የአኙዋ እናት ናቸው። በረጋ አማርኛ አስረዱኝ፦ ባሮ በክረምት ማሳውን ይውጠዋል፤ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ጥር ላይ ከተሰበሰበ በኋላ መሬቱ ራቁቱን ይቆያል። ያኔ ገባኝ። ደመና አያስቸግረኝም ብዬ ምስሎቼን ሁሉ የመረጥኩት ከየካቲት ወር ነው። ለእኔ የተመቸኝ ወር የሰውን ማሳ ባዶ አደረገው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ሥራዬን ማየት ፈለጉ። እያፈርኩ ላፕቶፑን ከፈትኩ። በስክሪኑ ላይ ዓመታቱ ሲሮጡ ዳርቻው ቀስ በቀስ የሰፋፊ እርሻ ቀለም ለበሰ። ማሳቸው የት እንዳለ በጣቴ አሳየኋቸው።

«እኛስ የት ሄድን?» አሉኝ።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እሸት ሰብረው ሰጡኝ።

«ብዪ። አሁን መጥተሽ አየሽ አይደል?»

ሐሙስና ዓርብ ከኡመድ ጋር ዳርቻውን ስንዞር ዋልን። ስሕተቱ የእማማ አሪየት ማሳ ላይ ብቻ አልነበረም።

ጅማ፣ ከተመለስኩ በኋላ

ለአለቃዬ ሪፖርቱ እንደሚዘገይ ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። የታኅሣሥን ምስሎች ጨምሬ «ውሃ ሲሸሽ የሚታረስ» የሚል አዲስ ቀለም አስገባሁ። መሬት የሚሰጠው ሞዴሉ አይደለም፤ ቢያንስ ግን ካርታዬ ሰው የለም ብሎ አይዋሽም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መሬትን ምን እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት መቼ እንደማየው ማሰብን ነው። ደስ ብሎኝ አዲሱን ካርታ ለእማማ አሪየት እንዲያሳያቸው ለኡመድ በስልክ ላክሁለት።

ማግስቱን መለሰልኝ፦ «አይታለች፣ ጥሩ ነው ብላለች። ግን ውሃ ሲሞላ ወጥተን የምንኖርበት ከፍታስ? ትላለች።»

ከፍታውን ፈልጌ አጉልቼ አየሁት። ባዶ መሬት ይላል።