ተኝቶ የመጣው ማድረቂያ

ባለአየሩ በዚያ ረቡዕ ጠዋት የሥራ ቱታውን ተኮሰ። ቱታ የሚተኩስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በግራሶ የጠቆረ፣ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ የተጣፈ፣ ቢያወልቁት ብቻውን የሚቆም ቱታ! ሚስቱ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ "ሙሽራ ልትቀበል ነው እንዴ?" አለችው።

"ከሙሽራ ይበልጣል" አላት።

"ተው እንጂ! እኔን ስታገባ እንኳ ሸሚዝህን የተኮሰችው እህትህ ናት" አለችና እየሳቀች ገባች። ሳቋ ግን እንደ ሌላው ቀን አልረዘመም። ምክንያት ነበራት።

ሁለቱም የሚሠሩት የብረት ቁም ሳጥን በሚያመርት ፋብሪካ ነው። እሱ የኮምፕረሰሩ ክፍል ኃላፊ ነው፤ የፋብሪካው ማሽን ሁሉ የሚተነፍሰውን አየር ጨምቆ በቧንቧ የሚልክ እሱ ስለሆነ ስሙን ትተው ባለአየሩ ይሉታል። ከዚያ በፊት ጎሚስታ ነበር፤ ከአየር ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። እሷ ደግሞ የቀለም ክፍል አለቃ ናት። የተዋወቁት በጠብ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በተቀጠረች በሦስተኛው ቀን፣ የቀለም መርጫዋን እንደ ሽጉጥ ደግና ክፍሉ ገባችና፣ "አየርህ ውሃ ይተፋል!" ብላ ጮኸችበት። እውነቷን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሱ ግን፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራው የሚያስጨንቀውን ነገር ሳይነግራት ያወቀችለት ብቸኛ ሰው እሷ ስለሆነች፣ በዚያው ወደዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ውሃ አለ። ኮምፕረሰር አየሩን ሲጨምቀው ውሃው እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዘዝ እንደሚወጣው ይወጣል። ባለአየሩ በየጠዋቱ ታንከሮቹን ቢያንጠፈጥፍም በዝናብ ወራት የተረፈው በቧንቧው ተጉዞ ቀለም መርጫው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ የተቀባው በር ምድጃ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ አረፋ አውጥቶ ይገኛል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የአየር ማድረቂያ። ባለአየሩ በየስብሰባው እጁን እያወጣ ማድረቂያ ይገዛ ሲል አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ለአረፋው ሌላ ምክንያት ነበራቸዋ! የቀለም ክፍል አለቃዋ አትችልም፤ እጇ አይረጋም፤ አለቀ።

ከአንድ ወር በፊት ታዲያ ጉድ ፈላ። አንድ ትልቅ ደንበኛ አርባ ቁም ሳጥን መለሰ። ሥራ አስኪያጁ የቀለም ክፍሉን ሰብስቦ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከወር በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የደንበኛው ሰው መጥቶ አዲስ የተቀቡ አሥር በሮች ያያል። አንድ አረፋ ከተገኘ የቀለም ሥራው ውጭ ላለ ድርጅት ይሰጣል፤ እሷና ስድስት ልጆቿ፣ ማለትም አብረዋት የሚሠሩት፣ ወደ ቤታቸው። በዚያው ስብሰባ ባለአየሩ እንደ ልማዱ እጁን አወጣ። ምን እንደተገለጠለት እንጃ፣ ሥራ አስኪያጁ ማድረቂያው ይገዛ አለ። ዕቃው በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ የደረሰው በመጨረሻው ቀን፣ ረቡዕ ነው። እንግዲህ ቱታ የተተኮሰው ለዚህ ነው።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው በሩን አልፎ ሲገባ ባለአየሩ ሮጠ። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ሮጠ! ጥርሱ አልከደን ብሎ፣ መኪናው ገና ሳይቆም የኋላውን ሸራ ያዘ።

ሹፌሩ ደስተኛ፣ ወፍራም ሰው ነበር። "በሰላም አደረስኩልህ ጋሼ! ጭረት ብታገኝበት ከደሞዜ ቁረጥ" አለና ሸራውን ገለጠው።

የእንጨት ሣጥኑ በጎኑ ተኝቷል። ከስሩ ሁለት ፍራሽ ተነጥፎለታል።

"ለምን ተኛ?" አለ ባለአየሩ።

"ቆሞ ቢመጣ ኩርባ ላይ ይወድቅብኛል ብዬ ነዋ! እንደ አራስ አስተኝቼ፣ ትራስ ብቻ ነው ያጣሁለት። ፍራሹ ከራሴ አልጋ ላይ የወረደ ነው።"

"ስንት ቀን?"

"ሁለት ቀን ሙሉ። አንዴም አልነቃም!" ሹፌሩ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ሣጥኑ ላይ በሦስት ቦታ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተስሏል። ከቀስቱ አጠገብ የተለጠፈች፣ ዕቃው ካዘመመ የምትቀላ የሳንቲም ያህል ክብ ምልክት አለች። ደም መስላ ቀልታለች። ባለአየሩ በጣቱ ነካት። ሰውየውን እንዳይሰድበው ደግሞ ፍራሹን አየ። ምን ብሎ ይስደበው? በደግነት የተሠራ ጥፋት እኮ አፍ ያስይዛል።

ማድረቂያው ሆዱ ውስጥ እንደ ፍሪጅ ያለ ማቀዝቀዣ አለው፤ አየሩን አቀዝቅዞ ነው ውሃውን የሚያወጣው። የማቀዝቀዣው ሞተር ሆድ ዘይት አለበት። ሲተኛ ዘይቱ ወደ ቀጫጭን ቧንቧዎቹ ይፈሳል። በዚያ ሁኔታ ቢነሳ ሞተሩ ጋዝ ብቻ መሳብ ሲገባው ዘይት ይጎርሳል፣ ይሰበራል። ፍሪጅ ጭኖ ቤት የቀየረ ሰው ይህን ያውቃል። ባለአየሩ ለሻጩ ድርጅት ባለሙያ ደወለ። መልሱ አጭር ነበር፤ "የምልክቱን ፎቶ አንሳ፣ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ጻፍ፣ አቁመው፤ ከቆመበት ሰዓት ጀምሮ ሃያ አራት ሰዓት እንዳትነካው።"

ሃያ አራት ሰዓት! ባለአየሩ በጣቱ ቆጠረ። የደንበኛው ሰው የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው።

ይሁንና መጀመሪያ መውረድ አለበት። ሹካው የሚሉት የፎርክሊፍት ነጂ መጣ። ባለአየሩ ሁለት ሰፋፊ የጭነት ቀበቶ አሳሰረ፤ ሁለቱንም በሣጥኑ ወገብ ዙሪያ አጠበቀ። ከዚያ ዙሪያውን የከበበውን ሰው ሁሉ፣ ሹፌሩንም ጨምሮ፣ አሥር እርምጃ አራቀ።

"ከስሩ ሰው እንዳይቆም! ልይዝ ብሎ እጁን የሚዘረጋ ካለ እጁን ቤቱ ትቶ ይምጣ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ዛሬስ ጄኔራል ሆነሃል" አለ ሹካው። ግን ቀስ አለ፤ ሣጥኑ ስንዝር በስንዝር ቀና እያለ፣ እያለ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወደ ኮምፕረሰሩ ክፍል ገብቶ ባለአየሩ ከሳምንታት በፊት በገዛ እጁ በሲሚንቶ ባበጀለት መደብ ላይ አረፈ። ሰዓቱን አየ፤ ልክ አምስት። ሣጥኑን ከፍተው ፈተሹት፤ ጭረት የለውም፣ የዘይት ጠብታ የለም። ባለአየሩ ወረቀቱ ላይ "ተኝቶ መጥቷል፣ ምልክቱ ቀልቷል፣ ተፈትሾ እስኪነሳ ድረስ ርክክቡ አላለቀም" ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሹፌሩ ተከፋ፤ ፍራሹን ጠቅልሎ ሄደ።

በዚያ ፋብሪካ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ማሽን በገባበት ቀን ካልተነሳ ገደቢስ ነው ይባላል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ይመጣል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ሠራተኛው ያጨበጭባል። ዛሬም ያ ሁሉ ሕዝብ መጥቶ የኮምፕረሰሩን ክፍል ሞላው። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ፣ "በል ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ ቧንቧውን ቀጥልና እናስነሳው፤ ማታውኑ ይቀባሉ" አለ።

"አይነሳም" አለ ባለአየሩ። "ነገ አምስት ሰዓት።"

አንገቷ ላይ ጭምብሏን ያንጠለጠለችው ሚስቱ ከሰው መሀል ወጣች። "ነገ ሦስት ሰዓት ሰውየው ይመጣል እኮ። ምን ላሳየው ነው? ይኼን ሣጥን?"

"ዛሬ ካስነሳሁት ይቃጠላል። ከተቃጠለ ነገም የለም፣ ከነገ ወዲያም የለም።"

"ምናልባት አይቃጠልም!"

"ምናልባት" አላት። እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ያን ማሽን ከማንም በላይ ማስነሳት የሚፈልገው እሱ ነበር። ስንት ዓመት የለመነው ዕቃ ክንዱ አጠገብ ቆሟል። በምሳ ሰዓት የዋናውን መስመር አየር አስተንፍሶ፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ መቀመጡን ሁለቴ አይቶ፣ ከበያጁ ጋር ቧንቧውን ሲያገናኝ እጁ ብቻውን ወደ ማስነሻው ይሄድበት ነበር። ሦስት ጊዜ ሄደ። በሦስተኛው ራሱን ፈራ። የማሽኑን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ብሬከር አጥፍቶ በራሱ ጓጉንቸር ቆለፈው፤ ቁልፉን ይዞ ወደ ቀለም ክፍል ወጣ።

"እንኪ" አላት፣ መዳፏ ላይ እያስቀመጠ።

"ምንድን ነው?"

"የብሬከሩ ቁልፍ። እኔ ጋ ከሆነ አላምነኝም። አንቺ ከከፈትሽው ምንም አልልም።"

ዓይኑን አየችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ፊቷን አዙራ ሄደች። ማታ ራት ሲበሉ ቁልፉን ከሳህኗ አጠገብ አስቀምጣ በላች። ልጃቸው ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና፣ "እኔ በጨዋታው የለሁበትም" ብላ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት የደንበኛው ሰው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ የያዘ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እሷ ሮጠ፤ "እትዬ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አሉ። ሁለት ሰዓት ምን ለውጥ ያመጣል? ስጪኝ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።"

ባለአየሩ ከበሩ ጀርባ ይሰማ ነበር።

"አልሰጥም" አለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ እንግዳው ሄዳ፣ "ጌታዬ፣ የተቀባ በር የለኝም። ሁለት ሰዓት ይታገሡኝና ዓይንዎ እያየ እቀባለሁ። ካበላሸሁ እዚያው ያባሩኛል፤ አጠገቤ ነዎት" አለችው።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። "ተቀብቶ የቆየኝ በር ብዙ አይቻለሁ። ሲቀባ አይቼ አላውቅም" አለና ወንበር ጠየቀ።

አምስት ሰዓት ሲሞላ ጓጉንቸሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ባለአየሩ ማስነሻውን ተጫነ። ማሽኑ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድመት የምታንኮራፋ ይመስል ጸጥ ያለ ድምፅ አሰማ። ፊቱ ላይ ያለችው ቁጥር አየሩ ምን ያህል እንደደረቀ ትናገራለች፤ በወረደች ቁጥር ደረቅ ነው። ሃያ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ። ሕዝቡ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አሥራ አንድ! ስድስት! ሦስት! ሹካው ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ። ባለአየሩ ቫልቩን ቀስ ብሎ፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር እየከፈተ፣ "ሂድ! ሂድ የኔ ጌታ!" ይል ነበር፤ ለአየሩ።

እሷ ቀባች። እጇ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድም ሳይናወጥ ሄደ። በሩ ምድጃ ገባ፣ ወጣ። እንግዳው ባትሪውን አብርቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አየ። ባለአየሩ እንዲህ የረዘመ ደቂቃ አያውቅም።

"ሌሎቹንም እንዲሁ ቀቡልኝ። የመለስነውንም አርባ ቁም ሳጥን እንደገና ቀብታችሁ ላኩልን፣ ትእዛዙም አይቋረጥ" አለ ሰውየው።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር! ባለአየሩ እየዘለለ ሥራ አስኪያጁን ጎትቶ ወደ ማድረቂያው ወሰደው፤ ማሽኑን ሊያስጎበኘው ነው እንግዲህ፣ ደረቱን ነፍቶ። ከማሽኑ እግር ሥር፣ የውሃ መውጫው ጫፍ ላይ፣ አንድ ጆግ ተቀምጦ ነበር። ከግማሽ በላይ ሞልቷል።

"ይኼ ውሃ ምንድን ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ባለአየሩ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው። ጎንበስ ብላ ጆጉን አነሳችና ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከበደውና በሁለት እጁ ያዘው።

"የአንድ ሰዓት ነው" አለችው። "የአሥራ ሁለት ዓመቱን አንተው አስላው።"

ሥራ አስኪያጁ ጆጉን አየ፣ እሷን አየ። "እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ጭምብሏን ወደ ፊቷ ስባ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለአየሩ ሚስቱ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም፤ አረፋ በወጣ ቁጥር ቤት ገብታ ስትቀልድ ነው የሚያውቃት። ከትናንት ጀምሮ የእሱ ቀን መስሎት ሲፈነጥዝ ነበር። ጭብጨባውን ትቶ ሄዶ አጠገቧ ቆመ።