የሽንፋ ሽመል ያበበበት ዓመት

በመተማ ቆላ ባለችው ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ውባንችን የማያውቅ የሰሊጥ ነጋዴ የለም። አገሯ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ለሰሊጥ አረም ሦስት ወር ሠርታ ልትመለስ ከመንደሯ ልጆች ጋር በጭነት መኪና ወረደች። ወባ ጣላትና ጓደኞቿ ሲመለሱ እሷ ቀረች። ሲሻላት አንድ መጋዘን ገብታ ሰሊጥ ማበጠር ጀመረች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ሰፌድ ይዛ ስትሠራ ያያት ሰው ቆሞ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ታንገዋልልና አንድ ጊዜ ታነሣዋለች፤ ጠጠሩ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ገለባው ይበናል፣ ደህናው ሰሊጥ ወደ ደረቷ ይሰበሰባል። ባዶውን ፍሬ ከሙሉው በድምፁ እንደምትለይ ትናገር ነበር። እኛ አላመንናትም።

እኛ የምለው የቆላ ዛፍ ወዳጆች ክበብ አባላትን ነው። እኔ መስከረም እባላለሁ፤ ሥራዬ ነርስ ነው፤ የክበቡ ጸሐፊም ነኝ። ክበቡን ያቋቋመው ወጣቱ የባዮሎጂ መምህር አንዱአምላክ ሲሆን አሥራ አንድ አባላት አሉን። እሁድ እሁድ ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ ዱር እንወጣለን። ዞቢ፣ ክርክራ፣ ሮቃ የሚባሉትን የቆላ ዛፎች እየለየን ያለበትን ቦታ እንመዘግባለን፤ ዘር እንለቅማለን፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችው ችግኝ ጣቢያችን እናፈላለን። እርሻው ጫካውን ገፍቶ ገፍቶ ወንዝ ዳር ስላደረሰው፣ የተረፈው ዛፍ እንደ ዘመድ ሆኖብናል። የከተማው ሰው ግን "ዛፍ ቆጣሪዎች" እያለ ይስቅብን ነበር።

ውባንች ወደ እኛ የመጣችው በወንፊት ሰበብ ነው። መምህር አንዱአምላክ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ወንፊት እንድታውሰው ለመናት።

"ምን ልትነፋበት ነው?" አለችው።

"የዞቢ ዘር። ግማሹን ነቀዝ በልቶታል።"

"ወንፊት አይሆንህም መምህር። በል አምጣው።"

ዘሩን ከእጁ ተቀብላ እዚያው በቆመበት አበጥራ ሰጠችው። በፊት ከአሥር ፍሬ ሦስቱ ቢበቅልልን እንደሰት ነበር፤ እሷ ካበጠረችው ግን ከአሥር ስምንቱ በቀለ። ከዚያ በኋላ እሁድ አትቀርም። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናትና መምህሩ የዛፎቹን የሳይንስ ስም ሲያስጠናን ከኋላ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። አስተያየት ስትሰጥ ሰምቻት አላውቅም። አንዳንዴ ተሰላችታ ይሆን እንዴ እል ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥር ወር ላይ፣ ሙባረካ ከመተማ ዮሐንስ ደወለችልን። ሙባረካ የክበባችን አባል ናት፤ ከሽመል የተሠራ ቅርጫትና አልጋ ትሸጣለች። ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ እሷ እንደ ሱዳኖቹ "ጋና" የምትለው ነው።

"የሽንፋው ጋና በሙሉ እየሞተ ነው አሉ። ሰዉ በሽታ ነው ብሎ ሊያቃጥለው ነው። ቶሎ ድረሱ።"

በማግስቱ በሽንፋ ወንዝ ዳር ወዳለው መንደር ወረድን። ወንዙ ዳር ያለው ሽመል ከሩቅ ሲታይ የደረሰ ማሽላ መስሏል። ቅጠሉ ረግፎ፣ አገዳው ገርጥቶ፣ በየአንጓው እሾህ ያለው ኳስ የሚመስል ነገር ተቋጥሯል። በስሩ ቁጭ ብለው ያገኘናቸው አያ ደረበ ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ ጎተራ ሠሪ፣ ከሽመሉ ጋር ያረጁ ሰው።

"ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲያብብ አይቻለሁ" አሉን። "ያን ጊዜም እንዲሁ ደረቀ። አባቴ 'ዕድሜው ደርሶ ነው፤ አትንኩት' አለ። ክረምት ሲገባ ከመሬቱ እንደ ሣር ሆኖ ተነሣ። ይህን ብናገር ማን ይስማኝ? ሽማግሌው ጃጀ ነው የሚሉኝ።"

መምህሩም በመጽሐፍ ያነበበው ይህንኑ ነበር፤ ሽመል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ውባንች ግን ንግግራችንን አልጠበቀችም። ነጠላዋን መሬት ላይ አንጥፋ ኳሶቹን በድንጋይ ታሽ ጀመር። እሾሁ ጣቶቿን አደማው። ያሸችውን በሰፌድ አድርጋ አንገዋለለችና ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። ገለባው ሄደ፤ ሲናር የሚመስሉ ረዣዥም ፍሬዎች ቀሩ። አንዷን ነክሳ አየቻት።

"አልታመመም" አለች። "ወልዶ ነው።"

የመንደሩ ሊቀ መንበር አቶ ማተቤ ሰዉን ከዛፍ ሥር ሰብስበው ነበር። ሽመሉ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲቃጠል፣ መሬቱም ለማሽላ እንዲታረስ ሐሳብ ቀርቧል። መምህር አንዱአምላክ ተነሥቶ ስለ ዘሩ ሲያስረዳ አቶ ማተቤ ጥቂት አዳመጡትና እጃቸውን አነሡ።

"መምህር፣ እናከብርሃለን። ነገር ግን በሽታው ወደ እርሻችን ቢዛመት መጽሐፍህ አያበላንም።"

ሰዉ በጉርምርምታ ደገፋቸው። መምህሩ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ውባንች ከሴቶቹ መካከል ብድግ ስትል ልቤ ደነገጠ፤ በስብሰባ ቆማ አይቻት አላውቅማ። ሰፌዷን ይዛ በሰዉ መሐል አልፋ ፊታቸው ቆመች።

"እርስዎ ገበሬ ነዎት" አለቻቸው። "የታመመ እህል ፍሬው ምን ይመስላል?"

"ይጨማተራል፤ ባዶ ይሆናል" አሉ።

"እንግዲያ ይህን ይንከሱት እስቲ።"

አቶ ማተቤ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ አንድ ፍሬ አንሥተው ነከሱ። ቀጭ ሲል ተሰማ። ምላሳቸው ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት በጣታቸው ጠርገው ትኩር ብለው ተመለከቱት። ሁለተኛ ፍሬ አንሥተው ከጎናቸው ላሉት ሽማግሌ ሰጡ። ሰፌዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለጥቂት ጊዜ የፍሬ መነከስ ድምፅ ብቻ ነበር።

"አሥር ቀን እንሰጣችኋለን" አሉ በመጨረሻ። "ዘራችሁን ልቀሙ። ሌላውን ያን ጊዜ እንመክርበታለን።"

ውባንች ከመጋዘኑ ፈቃድ ወሰደች። ዘጠኝ አበጣሪ ባልደረቦቿንም ይዛ መጣች። ሙባረካ ከመተማ ሸራ ጭና ላከች። እኔ ከሥራ በተረፈኝ ቀን እየሄድሁ የተወጋ ጣት አክም ነበር፤ ያልተወጋ አልነበረም። ሙቀቱ ምራቅ ያደርቃል። ወፉና አይጡ ከእኛ ጋር ይሻማል። አያ ደረበ ጥላ ሥር ሆነው የትኛው ቁጥቋጦ ቀድሞ እንደሚረግፍ ይጠቁሙናል፤ ውባንች ደግሞ የመጣላትን ሁሉ ታበጥራለች። ከአንድ ጆንያ እብቅ ሁለት እፍኝ ፍሬ ቢወጣ ነው።

በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ ከወንዙ ማዶ ጭስ ታየ። አንድ ሰው እርሻውን ሊመነጥር የለኮሰው እሳት ከእጁ አምልጦ፣ ነፋስ አዝሎት ደረቁን ሣር ይዞ መጣ። ወንዙ በበጋ ጠቦ ነበርና ተሻገረው። ደረቅ ሽመል ሲነድ እንደ ጥይት ይተኩሳል። መምህሩ "ሁሉንም ትታችሁ ውጡ" እያለ ጮኸ። ሴቶቹ ግን በእጃቸው የነበረውን ጆንያ ሳይጥሉ፣ አያ ደረበን መሐላቸው አድርገው፣ ወደ ታረሰው ባዶ መሬት ሮጡ። ማንም ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ሆነን ሽመሉ አመድ እስኪሆን ድረስ አየነው። አያ ደረበ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ውባንች ጆንያዎቹን በእጇ ትዳስስ ነበር። "እንግዲህ የሽንፋ ሽመል ይሄ ነው" አለች። ተጣርቶ ሲመዘን አሥራ አንድ ኪሎ ሆነ።

ሚያዝያ ላይ ችግኝ ጣቢያችን የሚችለውን ያህል ዘራን። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር አላልፍም። አንድ እሁድ ቀድሜ ብደርስ፣ መደቡ በሣር ተሸፍኗል። አረም መሰለኝና አንድ መደብ ሙሉ ነቅዬ ጨረስሁ። ሽመል ሲበቅል ሣር እንደሚመስል አያ ደረበ ነግረውን ነበር፤ እኔ ዘነጋሁት። ውባንች ስትደርስ ክምሩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እንባዬ መጣ።

"አታልቅሺ፤ ሥሩ ገና እርጥብ ነው" አለችና ቁጭ ብላ አንድ በአንድ መልሳ ትተክል ጀመር። "ነይ፣ አገዳውን ዳብሺው። የሣር ልስልስ ነው፤ የሽመል ግን አንጓ አለው። ዓይንሽን ሳይሆን ጣትሽን እመኚ።" አመሻሹ ላይ ስንጨርስ ጥቂቱ ብቻ ጠውልጎ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ችግኝ በሁለት የትራክተር ተሳቢ ጭነን ሽንፋ ገባን። የመንደሩ ሰው ጉድጓዱን ቆፍሮ ጠበቀን። የመጀመሪያውን ችግኝ አያ ደረበ፣ ሁለተኛውን አቶ ማተቤ ተከሉ። በዚያ ቀን ከክልል የመጣ አንድ የደን ባለሙያ የዘር መዝገባችንን እያየ በችግኞቹ መሐል ሲዘዋወር ቆየና መምህሩን ጠጋ አለው።

"ከሰባ በመቶ በላይ በቅሎላችኋል። ዘሩን የመረመረላችሁ የትኛው ላቦራቶሪ ነው?"

መምህር አንዱአምላክ ጭቃ ውስጥ ቆማ ጉድጓድ የምትደፍን ሴት አሳየው። ባለሙያው የሚቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። መምህሩ ግን አልሳቀም። "እትዬ ውባንችን ይጠይቋቸው" አለው። ሰውዬው ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቃት። እኛም ሥራችንን ትተን እናይ ነበር።

ዛሬ ወንዝ ዳር ያለው ሽመል ከሰው ቁመት አልፏል። አቶ ማተቤ ከብት እንዳይገባበት ጥበቃ መድበዋል። "ዛፍ ቆጣሪዎች" የሚለን ሰው የለም ማለት አልችልም፤ ግን አሁን የሚሉት ልጃቸውን ወደ ክበቡ ሲልኩ ነው።

ባለፈው መጋቢት በአብርሃ ጅራ ለሚቋቋም አዲስ ክበብ ዘር አመራረጥ እንድታስተምር ውባንች ተጠራች። እኔም አብሬ ሄድሁ። በር ላይ ስም የሚመዘግበው ወጣት ስሟን ጽፎ ሲያበቃ "ሥራ?" አላት። ጥቂት አሰበች። እኔ የሰሊጥ አበጣሪ የምትል መስሎኝ ነበር።

"የዛፍ ዘር ባለሙያ በል" አለችው፤ እሱም ጻፈ። ሰፌዷን በብብቷ ይዛ ገባች፤ አርባ የሚሆን ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት።