ወንዙ መጣ

ሸዋ ሮቢት ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ወባውንም ሙቀቱንም ለምጃለሁ፤ ወንዙን ግን አሁንም እፈራዋለሁ።

የመጣሁ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተሰጠኝ። ስልጠና ወስጄ ስለነበር፣ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ «ገልብጡ» የሚል አስተማሪ ያናድደኝ ነበር። እኔ ዘንድ ትምህርቱ ጨዋታ ነው። አንዱ ተማሪ ወጥቶ እንደሚያርስ ወይም ልብስ እንደሚያጥብ ያስመስላል፤ ክፍሉ ምን እያደረገ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጮኻል። ሁልጊዜ የሚደረገውን አሁን እየተደረገ ካለው እንዲለዩ ነው። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ አማርኛ ያመለጠው እስከ ደወል ቆሞ ይማራል። በሕጌ እኮራ ነበር።

አንድ ስህተት ግን አልነቀል አለኝ። እናቱ ስትጠራው ገና ከአጥር ማዶ ሆኖ «መጣሁ» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛም «ኬም» ይላል። ያልደረሰ እንዴት መጣ ይባላል እያልኩ ስንቱን አስደግሜያለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ረፋድ አራት ተማሪዎችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ላክሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ወንዶች አሸዋ ይጭናሉ፣ አህዮች ጀሪካን ተሸክመው ይወርዳሉ። «ሰዎቹ አሁን ምን እያደረጉ እንደሆነ አሥር ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከላይ ደጋው፣ ጣርማ በር ላይ ብቻ ደመናው ጠቁሯል፤ አየሁት፣ ምንም አላለኝም።

እኛ ክፍል ውስጥ ስንጫወት፣ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ከቀወት ገጠር በእግሯ የምትመላለስ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ስትነሳ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው።

«ቲቸር፣ ዘ ሪቨር ኬም።»

ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሳልፈልገው ምሳሌ አገኘሁ። የት አለ ታዲያ፣ በር ላይ ቆሟል ወይ ብዬ በእንግሊዝኛ ቀለድኩባት። የከተማዎቹ ልጆች ሳቁ፤ የገጠሮቹ አልሳቁም።

«ኢዝ ካሚንግ በይ» አልኳት። አለች። አስደገምኳት። ሦስተኛው ላይ እንባዋ ወረደ፤ ያፈረች መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ለአራተኛ ጊዜ ላስደግማት ስል እኔም ሰማሁት። የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚመስል ድምፅ ነበር፣ ግን አያቋርጥም።

እዚህ አገር ደጋው ዘንቦ ጎርፉ ቆላ ይደርሳል። ድምፁን ከሩቅ የሰማ «ወንዙ መጣ» ይላል፤ ያኔ አሸዋ ጫኙም አጣቢዋም የያዙትን ጥለው ይወጣሉ። መጣ የሚባለው ሳይደርስ ነው። ይህን በአገሩ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ክፍሉ በሙሉ ከኋላዬ ይሮጣል። ስደርስ ውሃው ቀልቶ ግንድ እያገላበጠ ያልፋል። ሦስቱ ዳር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። አራተኛዋ የለችም። ማዶ ያሉትን አጣቢዎች ልይ ብላ ስትሻገር ነበር አሉኝ። ስሟን ጠራሁ፣ ለራሴም አልተሰማኝም። «ገደልኳት» አልኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሰምተውኛል።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ አንድ አሸዋ ጫኝ ትከሻዬን ይዞ ወደ ማዶ ጠቆመኝ። ልጅቱ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት አጣቢ ናት በክንዷ ጎትታ ያወጣቻት። ውሃው ጎድሎ እስክትሻገር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዳር አልተነቃነቅኩም።

ስንመለስ የመስኮቷን ልጅ «ለምን በአማርኛ አልጮኽሽም?» አልኳት።

«ያቆሙኛል ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለች።

በማግስቱ ከማዶ የተሻገረችው ልጅ አባት፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ገበሬ፣ ፓፓያ በፌስታል ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ልጅቱ ማን ወንዝ እንደላካትም፣ ማን ጎትቶ እንዳወጣትም አልነገረቻቸውም።

«መምህር፣ እርስዎ ሮጠው ባይደርሱ ልጄ አልቆላት ነበር አሉኝ። አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

የላክኋት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ትናንት «ገደልኳት» ስል የሰሙኝ ልጆች ፊቴ ተደርድረዋል፤ አሁን አንዱ ይናገራል ብዬ ፊታቸውን በየተራ አየሁ። የመስኮቷ ልጅ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ታናሽየዋ ለከርሞ ዘጠነኛ ትገባለች» አሉ አባትየው እጄን ሳይለቁ። «እሷንም እርስዎ ዘንድ ያድርጉልኝ። አደራ።»

«እሺ» አልኩ።