ሰባት አመልማሎ፣ አሥራ ሦስት አመልማሎ

የሻረግ በግራ እጇ ተነድፎ የተጠቀለለውን ጥጥ፣ አመልማሎውን፣ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በቀኟ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ዓይኗ ግን ክሩ ላይ አልነበረም። ከልደታ ሜዳ ተነስቶ ወደ አምቦ መንገድ የዞረውን የጣልያን አውሮፕላን ነበር የምትከተለው።

ባሏ ጋሻው ዱር ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱና ጓደኞቹ አንዳንዴ አዲስ ዓለም አጠገብ ጫካ፣ አንዳንዴ አምቦ አጠገብ ተራራ ይሰፍራሉ። አውሮፕላን መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ አይቶ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ቀን ቦምብ የጫኑት ይከተላሉ። አዲስ ዓለም በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ አምቦ ከሁለት ቀን ይበልጣል። መልእክት አድራሹ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖረው ባለበቅሎው ቱሉ ብቻ። በቅሎው አንዲት ናት፤ ወዲያም ወዲህም አትደርስም።

የሻረግ ሰዓት የላትም። ቱሉ ከገበያ ሲመለስ «ቅዳሜ አዲስ ዓለም ላይ ሲያንዣብብ ነበር» ባላት ቁጥር፣ ያን ቀን አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪመለስ የፈተለችውን እያስታወሰች ልኩን አገኘችው። አዲስ ዓለም ደርሶ ሲመለስ ሰባት አመልማሎ፣ አምቦ ከሆነ አሥራ ሦስት። እጇ አንድም ቀን ዋሽቷት አያውቅም።

ያ ቀን ግን ግንቦት ልደታ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። ሰማዩ ደመና ስለሆነ በጥላም መለካት አይቻልም።

«አንቺ የሻረግ! ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠፋሽ?» አሉ እትዬ ትርፌ፣ የግቢው ታላቅ።

«አልጠፋኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዝርቱን አታስቀምጪም? ማርያም በልደቷ ቀን ቀሚስ አልቆብኛል ብላ ላከችብሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። የሻረግ እውነቱን እንዳትናገር፣ ከመካከላቸው ማን ለጣልያን ወሬ እንደሚያቀብል አታውቅም። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ መፍተሏን ቀጠለች። ስድስተኛው አመልማሎ አለቀ፤ እጇን ወደ ሙዳይዋ ሰደደች፤ ባዶ ነው። ለበዓል ብላ ዋዜማውን ጥጥ አላሰናዳችም ነበር። አውሮፕላኑ አልተመለሰም። እንዝርቷን ይዛ ሰማይ ሰማይ አየች።

እትዬ ትርፌም አዩዋት። ሰማዩንም አዩ። ሳቃቸው ጠፋ። ብድግ ብለው ቤታቸው ገቡና በነጠላቸው ጫፍ አመልማሎ ቋጥረው መጡ።

«እንቺ» አሉ ቀስ ብለው። «ኃጢአት ከሆነ ለሁለት እንካፈለዋለን።»

አውሮፕላኑ ከደመናው ሲወጣ የሻረግ አሥራ ሦስተኛውን ጨርሳ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ጠመንጃ ያዥ ወረደች።

«አምቦ» አለችው ቱሉን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በቅሎህን ጫን!»

በሦስተኛው ቀን ቦምቡ የወደቀው ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ነው። ጋሻው ጣልያን ከወጣ በኋላ በእግሩ ቤቱ ገባ። የሻረግ ግን ያኔውኑ፣ በልደታ ማግስት፣ ንስሐ አባቷ አባ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄዳ፣ ምክንያቷን ሳትናገር፣ በበዓል ፈተልኩ ብላ አርባ ስግደት ተቀብላለች። አንዷንም ሳታጎድል ሰገደች።

ልደታን የምትሳለሙ ሁሉ፣ የሻረግን በክርስትና ስሟ፣ ወለተሰንበት ብላችሁ አስቡልኝ። የእትዬ ትርፌን የክርስትና ስም የሚያውቅ ካለ ደግሞ እባካችሁ ይንገረኝ፤ በጸሎት አንዷን ከሌላዋ ነጥዬ መጥራት አልወድም።